ሰባተኛው ውሃ

ስምንቱን ጠርሙሶች በጨርቅ እየጠቀለልኩ ዘንቢል ውስጥ ስከት አበባ አበባ ሸተቱኝ። አንዱን አንስቼ አፍንጫዬ ሥር አደረግኩት። ከሆቴል አንሶላ የሚወጣው ሽታ ራሱ ነው። አክስቴ በሩ ጋ ቆማ ሻሿን ታስራለች። የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በእጥበት ጉዳይ የሚከራከራት ሰው አልተወለደም።

«ምን ታሸቺዋለሽ? እንደ ንጋት ኮከብ እያበራ!» አለችኝ። «ትናንት ፀጉርሽን ልትሠሪ ስትሄጂ ከባልዲው አውጥቼ በሆቴሉ ሳሙና ፈተግ ፈተግ አደረግኩልሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የልብስ ማለስለሻ አንድ ክዳን። ያለፈውን እሁድም እኔው ነኝ ያጠብኩልሽ። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ!»

ያለፈውን እሁድ ስትል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ቁጭ የሚባልበት ሌላ ቦታም የለ፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ሁለት ባልዲ፣ የሽቦ መደርደሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምድጃ፣ በቃ። ያለፈው እሁድ ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኖ ነበር። ጠርሙሶቹን ዘፍዝፌ ወጣሁ፤ ስመለስ መደርደሪያው ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። አክስቴ አንጠፍጥፋልኝ ነው ብዬ አሰብኩ፣ አልጠየቅኳትም፣ ማለቅለቁም ታከተኝ። ሰኞ ጠዋት የላብራቶሪው ደብተር ላይ፣ «እጥበት» በሚለው ዓምድ ሥር፣ በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ «ሰባት ጊዜ አለቅልቄያለሁ» ብዬ ፈረምኩ። አንድም ጊዜ አላለቀለቅኩም ነበር።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች አክስቴ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጣቶቿን አየሁ፤ ጥፍሮቿ ዙሪያ በበረኪና ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥብ ውላ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ደግሞ የኔን ጠርሙስ። አፌን ዘጋሁ። እሷም ዝም አለች። እኛ ቤት ዝምታ እንደ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ሲመጣ ተጣበን ቦታ እንለቅለታለን። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ ዘንቢሉን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ነገሩን መላልሼ አሰብኩት። የኛ ላብራቶሪ የሚያጠናው አንድ ባክቴሪያ ነው። ኃላፊያችን ዶክተሯ ከከተማው ዳር ካለ የጡብ ፋብሪካ ጉድጓድ ጭቃ ውስጥ ነው ያገኙት፤ የቢምቢ እጮች ሲበሉት አንጀታቸውን ይበጣጥሰዋል። የቢምቢ እጭ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቆ፣ በጅራቱ ባለች ቀጭን ቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚተነፍሰው። ውሃ ስስ ቆዳ አለው፤ እጩ የሚንጠለጠለው በዚያች ቆዳ ነው። ሳሙና ደግሞ ያቺን ቆዳ ይቀድዳታል። ሳሙና በቀረበት ጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ ተጨመረ አልተጨመረ እጩ ሰምጦ ይሞታል፤ ሰባት ጊዜ የሚለቀለቀውም ለዚህ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቧንቧችን ከደረቀ ወዲህ ጠርሙሶቹን ቤት እየወሰድኩ ማጠብ ጀመርኩ። ያሉን ስምንት ብቻ ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ የኔን የሳምንት ምሳ ይበላል። ስለዚህ ማወዳደሪያውን፣ ባክቴሪያ የሌለበትን ባዶ ውሃ ማለቴ ነው፣ ከሱቅ በተገዛ የፕላስቲክ ብርጭቆ ነበር የምናደርገው። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ ሳሙናው ጠርሙሶቹ ላይ ብቻ፣ ማወዳደሪያው ሌላ ዕቃ ውስጥ! እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ስምንት ጠርሙስ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ያለፈው ሰኞ ጠርሙሶቹ ውስጥ ከነበሩት ሁለት መቶ እጮች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶውም ሞቱ። ዶክተሯ አቅፈው ሳሙኝ። ቧንቧው ከመድረቁ በፊት በሙሉ ቀን ያገኘነው ከመቶ ሠላሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባክቴሪያውን የሚያሳድጉበትን ምግብ ቀይረው ስለነበር ልዩነቱ ከዚያ መጣ አልን። ቁጥሩ በዚያው ቀን የምርምር ገንዘብ ለሚሰጡት የፈንዱ ሰዎች ተላከ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤያችን ላይ ሲያንቀላፉ የነበሩ ሰዎች በሁለተኛው ቀን «ሰኞ አራት ሰዓት ላይ እንመጣለን» ብለው መለሱ። ሰኞ ማለት ዛሬ ነው። ፈንዱ ከቀረ ላብራቶሪው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ክፍላችን የወረቀት መጋዘን እንዲሆን በሜትር ለክተውታል፣ የእርሳሱ ምልክት ግድግዳው ላይ አለ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ በራችን ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፁን አወቅኩት። የመሥሪያ ቤታችን የገንዘብ ክፍል ኃላፊ ነው፣ ሁላችንም ፋይናንስ የምንለው፣ ከክራቫቱ ቀድሞ ሆዱ የሚገባ ሰው።

«ያቺን ልጅ ግን ሰዎቹ ሲመጡ የሆነ ቦታ ይላኳት፣ ዶክተር። ‹ይቺ የት ነው የተመረቀችው?› ቢሉን ምን ልንል ነው? ከባልዲ? ማመልከቻው ላይ የጽዳት ሠራተኛ ብዬ አስገብቻታለሁ፤ ጽዳት ደግሞ እንግዳ ፊት አይቆምም።»

ዶክተሯ የሚሉትን ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ። ዶክተሯ ምንም አላሉም።

ከአሥረኛ ክፍል ነው ትምህርቴን ያቋረጥኩት፤ አልክድም። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ዶክተሯ መደርደሪያ ላይ ካሉ ልባሳቸው ከተገነጠለ መጻሕፍት ነው፤ አንዱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሁለቱን ጊዜ ሳይገባኝ። ለልምምድ የሚመጡትን ተመራቂዎች ፒፔት፣ ያቺ ፈሳሽ መምጠጫ ቀጭን ቱቦ፣ እንዴት እንደምትያዝ የማሳያቸው እኔ ነኝ። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ እጭ አይቼ የስንት ቀን እንደሆነ እነግርሃለሁ። እና እኔን ደብቋት! ደሜ ፈላ። ደሜ እየፈላ ደግሞ አንዲት ቀዝቃዛ ሐሳብ መጣችልኝ። ዘንቢሌ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ዛሬም ሁለት መቶ ይገድላሉ። ዝም ካልኩ እንግዶቹ ይገረማሉ፣ ላብራቶሪው ይተርፋል፣ እኔም እንጀራዬ አይቋረጥም። ጽዳት ነሽ የተባለች ሴት ጽዳቷ ጎደሎ እንደነበር በገዛ አፏ ለምን ትናገራለች? ኮሪደሩ ላይ ምናልባት አንድ ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ እነዚያ እጮች ትዝ አሉኝ፤ ከባክቴሪያው ይሁን ከሳሙናው በምን እንደሞቱ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድም ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ከጽድቅ ይልቅ የገፋኝ ይሄ ነው። ማወቅ ፈለግኩ።

በሩን በእግሬ ገፋሁት።

«ዶክተር፣ የሁለት መቶው ቁጥር ውሸት ነው።»

ቆሜ ተናዘዝኩ፤ ጉንፋኑን፣ አክስቴን፣ ማለስለሻውን፣ የፈረምኩትን። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። ቀድሞ አፉን የከፈተው ፋይናንስ ነው።

«ቆይ፣ ጠርሙሶቹ ይገድላሉ አይደል? ታዲያ ይግደሉዋ! ሰዎቹ አይተው ይሂዱ፣ ሳሙናውን ከሄዱ በኋላ ታጣጥባላችሁ።»

ዶክተሯ መለስ ብለው አላዩትም። ደብተሩን ከፍተው ያቺን ገጽ ገለጡ። «ቀይ እስክሪብቶ አለሽ?» አሉኝ። በኛ ደብተር ላይ ምንም አይፋቅም፣ ምንም አይቀደድም፤ በተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመርና ከጎኑ እውነቱ ይጻፋል። ፊርማዬ ላይ አሰመርኩና በቀይ «ውሸት ነው። አላለቀለቅኩም። አክስቴ በሳሙናና በልብስ ማለስለሻ አጥባቸዋለች» ብዬ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያች መስመር የከበደኝ ጽሑፍ የለም።

«ይሄን ያህል ጊዜ አብረን ሠርተን ዋሸሽኝ» አሉ ዶክተሯ፣ ቀስ ብለው።

«ዋሸሁዎት። እርስዎም አሁን እሱ ጽዳት ሲለኝ ዝም አሉ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ዶክተሯ ደብተሩን ዘጉ። «እውነትሽን ነው» አሉና ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ስንቱን ታደርሻለሽ?»

«ስድስቱን። ሁለቱን አልነካቸውም፣ አክስቴ እንዳጠበቻቸው ይቀመጡ። ባዶ ውሃ እንጨምርባቸዋለን። ሳሙናው ብቻውን የሚገድል ከሆነ እናየዋለን።»

ዶክተሯ ጠዋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ምን ብለን ነው የምንጽፍባቸው?»

«አክስቴ» አልኩ፣ እና ጀሪካኖቹን ይዤ ወደ ምድር ቤቱ ታንከር ሮጥኩ።

አራት ፎቅ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አራት ምልልስ። ትናንት ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የተሠራሁት ፀጉር በላብ ግንባሬ ላይ ተለጠፈ። ማለቅለቅ ቀላል የሚመስለው ይሞክራት፤ ውሃውን ጨምረሽ፣ አዙረሽ፣ ደፍተሽ፣ እንደገና። በያንዳንዱ ውሃ አፉን በመዳፌ ከድኜ እንቀጠቅጠዋለሁ፤ አረፋ ካወጣ ሳሙና አለ። አራተኛው ውሃ ላይ አሁንም ትንንሽ አረፋ ነበር። አምስተኛው ላይ ጠፋ። ስድስተኛው ላይ ይበቃል የሚል ድምፅ መጣብኝ፤ አላመንኩትም። ሰባተኛውን ከጀሪካን ሳይሆን ካስቀመጥናት የተጣራች ውሃ አደረግኩት። ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ስምንቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተሰለፉ፤ በያንዳንዱ ሃያ አምስት እጭ። ሁለቱ «አክስቴ»፣ ሁለቱ ንጹህ ሆነው «ባዶ»፣ አራቱ ንጹህ ሆነው ባክቴሪያ የተጨመረባቸው። ማወዳደሪያው ዛሬ እንደ ሌሎቹ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከዘራ የያዙ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸውን የሚጋርድ ሽማግሌ፤ ሌላዋ የሚሉትን ሁሉ የምትጽፍ ሴት። ፋይናንስ በዓይኑ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠቆመኝ። እኔ ጋውኔን ቆለፍኩና ጠረጴዛው ጥግ ቆምኩ። ዶክተሯ ሌላ ሰው ቢሆን ከመጨረሻ የሚያመጣውን ከመጀመሪያ አመጡት፤ ደብተሩን ከፍተው ቀዩን መስመር ለሽማግሌው አሳዩ። ፋይናንስ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ጠርሙሶቹ ጠቁመው፣ «‹አክስቴ› ምንድን ነው?» አሉ።

እስኪገባቸው ድረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ የአክስቴ ሃምሳ እጮች አንድ በአንድ ከውሃው ገጽ እየለቀቁ ወደ ታች ወረዱ። ሃምሳ ከሃምሳ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እያዩ፣ «እኚህ ሴትዮ አደገኛ ናቸው» አሉ። ሴትየዋ እሱንም ጻፈችው።

ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ባክቴሪያው ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አንድም አልሞተም። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አንድም። መቶ እጮች ጅራታቸውን ሰቅለው፣ እንደ ባለጸጋ ልጆች ተዝናንተው ተንጠልጥለዋል። ዶክተሯ ወንበር ይዘው አይነሡም። ሁለት ዓመታቸው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ፋይናንስ «ምሳ ተዘጋጅቷል» አለ፣ ከእኛ ገላግሎ ሊያወጣቸው። ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። «ምንም የለም ማለት ነው?» ብለው ዶክተሯን ጠየቁ። «ያለፈው ሁሉ ሳሙና ነበር?»

ዶክተሯ ቀና አሉ። ወደ እኔ ነው የዞሩት።

«እሷን ይጠይቋት። የምታሳድጋቸው እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ታውቃቸዋለች።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዓይኔ ግን እጮቹ ላይ ነበር፣ እና በዚያች ቅጽበት አየሁት። እጮች ሲበሉ አፋቸው ዙሪያ ያሉት ፀጉሮች ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። የእነዚህ ፀጥ ብሏል።

«ጠግበው ነው» አልኩ። «ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስሮጥ፣ በልማዴ እጮቹን የማሳድግበት ገንዳ ላይ መኗቸውን በትኜላቸው ነበር። የማይራበው አይበላም፤ ባክቴሪያው ደግሞ ካልበሉት አይገድልም። ሳሙና የጠገበውንም የተራበውንም አይምርም። ለዚህ ነው የአክስቴ ወዲያው ያለቁት።»

«እና መቼ ይርባቸዋል?»

«ስምንት ሰዓት ላይ መብላት ይጀምራሉ።» ለምን ስምንት እንዳልኩ እግዜር ይወቅ። አይ፣ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ከሰዓት አጎንብሼ ስለማያቸው ነው።

ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠርሙሶቹ ፊት አስቀመጡት። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፋይናንስ ምሳውን ብቻውን ሄዶ በላ።

ያን ያህል ረጅም ሰዓት ቆጥሬ አላውቅም። ስምንት ሰዓት ከመሆኑ በፊት አንዱ አፉን ማርገብገብ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ጠርሙሱ ሁሉ ሥራ ላይ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ አንዷ እጭ ተጠማዘዘች፣ ተዘረጋች፣ እንደገና ተጠማዘዘች፣ ለቀቀች።

«አንድ!» አልኩ፤ ጩኸቴ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«ሁለት፣ እዚህ!» አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸው ወለሉ ላይ ወድቃለች፣ ማንም አላነሣትም። ዶክተሯ ተነሥተው በሌላው ወገን አጎነበሱ። «አምስት… ሰባት… አይ እሷ ትንቀሳቀሳለች፣ ስድስት!» ጸሐፊዋ ራሷ ወረቀቷን ጥላ መጣች። አራት ሰዎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተን፣ እንደ ልጅ እየተጯጯህን የቢምቢ እጭ እንቆጥራለን። ከምሳ የተመለሱት የጎረቤት ክፍል ሰዎች በሩ ላይ ተጨናንቀው ያዩናል። አሥር ሰዓት ላይ ባክቴሪያው ያለበት ከመቶ ስልሳ አንድ። ባዶው ከሃምሳ ዜሮ። ድሮ በሙሉ ቀን ሠላሳ የነበረው ዛሬ በሁለት ሰዓት ስልሳ አንድ! የባክቴሪያው አዲስ ምግብ ሠርቷል። የዶክተሯ ነገር እውነት ነው። ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በዚህ ጊዜ የጠረጉት ግን መነጽሩን አይደለም።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩ። «የጠየቃችሁት የሦስት ዓመት ነው» አሉ። «ሁለት መቶ ከሁለት መቶ ቢሆን ኮሚቴው ሦስቱንም ይሰጣችሁ ነበር። ለስልሳ አንድ የአንድ ዓመት ብዬ ነው የምፈርመው፤ የእኔን ፊርማ ደግሞ እስከ ዛሬ የመለሰው የለም።» ብዕራቸውን አወጡ፣ ከዚያ አቆሙ። «ይሄ ‹የጽዳት ሠራተኛ› የሚለው መስመር ማንን ነው?»

ፋይናንስ ሳል ያዘው። ዶክተሯ ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀበሉ፣ በመስመሩ ላይ በቀይ አሰመሩና ከጎኑ «የሙከራ ኃላፊ» ብለው ጻፉ። አልፋቁትም። ደብተር ላይ እንደምናደርገው።

ፋይናንስ ሲሸኛቸው «የኛ ልጅ እኮ…» እያለ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት። የማን ልጅ እንደሆንኩ በደረጃው ላይ ልነግረው ነበር፤ ደስታዬ አፌን አሰረው።

ቤት ስገባ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ዘንቢሉን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሙናውን፣ ቀዩን መስመር፣ ሃምሳውን፣ ስልሳ አንዱን። ሳወራ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ስጨርስ ያ ሦስተኛው ሰው መጣ፣ ቦታ ለቀቅንለት። የእግሯ ውሃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጠ።

«ሦስት ዓመት የነበረውን አንድ አደረግኩብሽ» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«ሃምሳ ከሃምሳ ነው ያልሽው?»

«ሃምሳ ከሃምሳ። በሃያ ደቂቃ። ሽማግሌው አደገኛ ናቸው ብለውሻል። ከዛሬ ጀምሮ በየሙከራው ሁለት ጠርሙስ የአንቺ እጥበት ያስፈልገናል፣ ማወዳደሪያ። ዶክተሯ ናቸው ያሉት።»

አክስቴ ሳቋ እንዳይታይባት አጎንብሳ እግሯን አደራረቀች። ተነሥታ ስምንቱን ጠርሙሶች ከዘንቢሉ አወጣች፣ ሁለቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ስድስቱን ወደ እኔ ገፋች። ሁለታችንም ባልዲ ባልዲያችንን ይዘን ጎን ለጎን ቆምን። እሷ የሷን በሳሙና ስትፈትግ እኔ የኔን ማለቅለቅ ጀመርኩ፤ ጨመርኩ፣ አዞርኩ፣ ደፋሁ። ክንዴ ከጠዋቱ ጀሪካን የተነሣ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጨረሻውን ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ልደፋው ስል እጄን ያዘችኝ፤ ዓይኗን ከራሷ ባልዲ ላይ አላነሣችም።

«ስድስት ነው» አለች። «ስቆጥር ነበር። አንድ ውሃ ይቀርሻል።»